ልጅ ያቦካው ለእራት ባይበቃም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዞር ነበር። እኔ ጋ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ እህቴ ናት፣ ከሜሪላንድ። «አንቺን ነው የሚሰድበው» ብላ ሳቀችብኝ። አልዋሸችም። ጽሑፉ ትንንሽ ልጆቻቸውን አስከትለው ለበጎ ፈቃድ ሥራ የሚወጡ ወላጆችን ይተቻል። እኔ የሰባት ዓመት ሴትና የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ይዤ ከሚወጡት አንዷ ነኝ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ትንሽ ልጅ ማገልገል ምን እንደሆነ አይገባውም፤ ሥራውም ለማንም አይጠቅምም። የሰው መከራ ማየት ልጅን ይጎዳል። በጎ ፈቃድ የሚባለው ነገር ከውጭ የመጣ፣ የደላው ሰው ልማድ ነው። እኛ አገር ልጅ ድሮም ከአቅሙ በላይ ይሠራል፤ ሌላ ሥራ አይጨመርበት። በመጨረሻም፣ ልጁ የሚማረው ርኅራኄን ሳይሆን ንቀትን ነው።

የመጨረሻው ላይ እውነት አላቸው። እዚያ ስደርስ የራሴን ጉድ እናገራለሁ። ከመጀመሪያው ግን ልነሳ።

ጽሑፉ የሚጀምረው በተረት ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉ። እውነት ነው፣ አይበቃም። ልጄ ሽንኩርት ካልላጥኩ ብሎ ሲመጣ ሥራዬ እጥፍ ይሆናል። ግን ተረቱን ልብ ብለን እንስማው። ተረቱ ውስጥ ልጁ አቡክቷል! አንድ ሰው ዱቄቱንና ውሃውን ሰጥቶ ለቆለታል። እራቱ ባይደርስም ማቡካቱን ማንም አልከለከለውም።

«አይገባውም» ላሉት ደግሞ የተጻፈ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፊሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች ጀርመን ውስጥ አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ልጆቹ የአንድ ዓመት ከስድስት ወር ናቸው። አንድ የማያውቁት ሰውዬ ልብስ ሲያሰጣ መቆንጠጫው ይወድቅበታል። እጁን ይዘረጋል፤ አይደርስበትም። ሌላ ጊዜ ደግሞ መጽሔት ተሸክሞ ቁም ሳጥን ሊከፍት ይሞክራል። እጁ ሙሉ ነውና ከበሩ ጋር ይጋጫል። ልጆቹን «አግዙት» ያለ የለም። የሸለማቸውም የለም። ከ24ቱ ልጆች 22ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ረዱት። ሰውዬው መቆንጠጫውን ሆን ብሎ ሲጥለው ግን ብዙውን ጊዜ አያነሱለትም። እንግዲህ ገና ዳይፐር ያላወለቀ ልጅ፣ የቸገረውንና ያልቸገረውን ሰው ይለያል ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች ሌላ ሙከራ ጨመሩ። የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ልጆች በረዱ ቁጥር አንዳንዶቹ መጫወቻ ተሰጣቸው። አንዳንዶቹ ተመሰገኑ። ሌሎቹ ምንም አላገኙም። ኋላ ላይ ሽልማቱ ሲቆም፣ መጫወቻ የለመዱት ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ መርዳት ጀመሩ። ይህን ሳነብ አፈርኩ። «ከሄድሽ አይስክሬም እገዛልሻለሁ» የምል እናት ነበርኩ። ልጄም «ሁለት ካልሆነ አልሄድም» እስከ ማለት ደርሳ ነበር።

ሥራቸው አይጠቅምም ለሚለው ጸሐፊው ችግኝ ተከላን ያነሳሉ። ልጆች በሰልፍ ይወሰዳሉ፣ ጭቃ ይነካሉ፣ ይመለሳሉ፤ ችግኙ ይደርቃል ይላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም መንግሥት በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን ሲያስታውቅ፣ የወንድሜ ልጅም አንዱን ተክሎ ነበር። የት እንደሆነ ዛሬ አያውቅም። እሺ፣ ይህን እቀበላለሁ። ግን ጥፋቱ ልጅ መሆኑ ነው? አባቱም እኮ የት እንደተከለ አያውቅም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። መከራ ማየት ልጅን ይጎዳል ይላሉ።

ጸሐፊው አዲስ አበባ የሚኖሩ ይመስለኛል። ታዲያ ልጃቸውን በየት በየት አድርገው ነው ትምህርት ቤት የሚያደርሱት? የኔ ልጆች በየመብራቱ ሕፃን ያዘለች እናት ያያሉ። የመስኮቱን መስታወት የሚያንኳኳ እኩያቸውን ያያሉ። አስፋልት ዳር በካርቶን የተጠቀለለ ሰው ያያሉ። ልጅ መከራን የሚያየው እኛ ይዘነው ስንሄድ ብቻ ይመስለናል። ልዩነቱ እዚያ መብራት ላይ የምናስተምረው ነገር ነው። መስታወት እንዘጋለን። ስልክ እንነካካለን። «ወደዚህ ዙሪ» እንላለን። ይህም ትምህርት ነው፤ በቀን ሁለቴ፣ ጧትና ማታ።

አንድ ቀን ልጄ «እማዬ፣ ለምንድነው የማታያት?» አለችኝ። ልጅቷን ማለቷ ነው፣ ማስቲካ የምትሸጠውን። መልስ አልነበረኝም። አረንጓዴ በራና ነዳሁ።

ይህን ስል ልጅን የትም ይዞ መሄድ ይቻላል እያልኩ አይደለም። ሕመም የጠናበት ሰው አጠገብ የአራት ዓመት ልጄን አልወስድም። ሌላ ቦታ ስንሄድ ደግሞ ምን እንደምናይ ቤት ውስጥ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ። «እማማ አንድ ዓይናቸው አያይም። አትፍሪ፣ አያምማቸውም። መጠየቅ ከፈለግሽ እሳቸውን ጠይቂ።» ቆይታችን ከግማሽ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ልጅ ሲሰለቸው ይታወቃል፤ ወንበር መገልበጥ ሲጀምር ተነስቶ መሄድ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ነው ቁጭ ብዬ እንድጽፍ ያደረገኝ። ከውጭ የመጣ ነው ተባለ።

ቃሉ አዲስ ሊሆን ይችላል። «በጎ ፈቃደኛ» የሚል ቃል ከአያቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። አያቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ነበር የምትኖረው። ክረምት እሷ ጋ እንከርማለን። የቆሎ ተማሪ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ ለውሻው ዱላ ይዞ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። አያቴ እንጀራውን ከሞሶቡ ቆርሳ እኔን ታስይዘኛለች። «ሂጂ ስጪው» ትለኛለች። አጥሩ እዚያው ነው። ራሷ ብትሄድ አሥር እርምጃ አይሆንም። እኔ ደግሞ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ውሻውንም እፈራለሁ። ግን እኔ ነኝ የምሄደው። ተቀባዩም ልጅ ነበር። ምናልባት አሥር ዓመቱ። እንጀራውን ተቀብሎ ሲመርቀኝ ምርቃቱ ግማሹ አይገባኝም። ዛሬም ድምፁ ትዝ ይለኛል።

ለቅሶ ቤትስ? ድንኳኑን ዕድሩ ይተክላል። ወንበሩና ምጣዱ ከዕድሩ ይመጣል። እጅ የሚያስታጥበው ግን ማነው? ልጅ ነው። ኩስኩስቱን በአንድ እጅ፣ ማስታጠቢያውን በሌላው፣ ፎጣውን ትከሻ ላይ አድርጎ። ሰዉ እጁን እየታጠበ «እደግ» ይለዋል፣ «እደጊ» ይላታል። በደቦ ቀን ወንዶቹ ሲያጭዱ ጠላና ቆሎ የሚያመላልሰውም ልጅ ነው። ቡና ሲፈላ «ሂድ፣ ጎረቤት ጥራ» የሚባለውስ?

ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው። ዘካተል ፊጥር፣ ረመዳን ሲያበቃ ለችግረኛ የሚሰጠው ምጽዋት፣ በቤቱ ላለ ነፍስ ሁሉ ይወጣል፤ ትናንት ለተወለደ ሕፃንም ጭምር። አባት ነው የሚያወጣለት። ከዒድ ሶላት በፊት ለሚገባው ሰው መድረስ አለበት። የነሱ የስምንት ዓመት ልጅ ስንዴውን በፌስታል ይዞ ቤት ለቤት ሲያደርስ በየዓመቱ አየዋለሁ። ተሸክሞት የሚሄደው ውስጥ የራሱ ድርሻ እንዳለበት ያውቃል። ጠይቄው ነግሮኛል፤ በኩራት ነው የነገረኝ።

ታዲያ የቱ ነው ከውጭ የመጣው? ቲሸርቱ ከሆነ እስማማለሁ።

«የደላው ሰው ልማድ» የሚለው ላይ ጸሐፊው ሌላ ተረት ይጨምራሉ፤ «የእሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች»። ተረት የሚወዱ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ዶክተር አበበች ጎበናን አስታውሳለሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው በረሃብ የወደቀ ሕዝብ አዩ። የያዙትን ዳቦ አካፈሉ። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ሀብታም አልነበሩም። ልጆቹ ሲበዙ ቤተሰብ ተቃወማቸው፤ ቤታቸውንም ጥለው ወጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም ሲያርፉ ያሳደጓቸው ልጆች ቁጥር ስፍር አልነበረውም። የእሳቸውን ያህል ከማንም አይጠበቅም፤ ከኔም አይጠበቅም። ግን ሲተርፈኝ እሰጣለሁ ብሎ መጠበቅ ሕግ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሁለት ሕፃናት ግሸን መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ እህቴ ልጅ ካልነገርኳችሁ ይቆጨኛል። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ለመጨረስ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። እንግዳ ሞልቶ ቡና እያደለ፣ ስኒ እያቀረበ፣ ድንገት ዞር ብሎ «አክስቴ፣ ይሄ ይቆጠራል?» አለኝ። ሳቅን። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ እዚያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ቤት ያግዛል። ግን ጥያቄው ከነከነኝ። በፎርም የጀመረ ልጅ ሰዓት ይቆጥራል። በኩስኩስት የጀመረ ልጅ መቁጠር እንዳለበትም አያውቅም። ለዚህ ነው በትንሽነታቸው፣ ፎርም ከመምጣቱ በፊት፣ ቤት ውስጥ ይጀመር የምለው።

አራተኛው የልጆች ጉልበት ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው አምርረው ጽፈዋል፤ ልክ ናቸው። ከገጠር መጥተው በሰው ቤት የሚያድሩ፣ ማሰሮ የሚያክሉ ልጆች አሉ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመቀጠር ዝቅተኛውን ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎታል፤ የቀድሞው 14 ነበር። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ልጆችን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ አለ፤ ልጆቹም አሉ።

ግን ጸሐፊው የሚከላከሉት የትኛውን ልጅ ነው? ጽሑፉ የሚናገረው በግል ትምህርት ቤት ስለሚማር፣ ቅዳሜ ወላጆቹ ይዘውት ስለሚወጡ ልጅ ነው። ይህ ልጅ በሥራ ብዛት አልደከመም። የበላበትን ሳህን አያነሳም። የሚያነሳለት ሰው አለ፤ አንዳንድ ቤት ያቺ የምታነሳለት ልጅ በሁለት ወይ በሦስት ዓመት ብትበልጠው ነው። እሷ ትጠራለች፣ ውሃ ታመጣለች፣ ጫማውን ታጸዳለች። የቤቱን ልጅ ከሥራ የምናሳርፈው የሌላ ሰው ልጅ እያሠራን ከሆነ፣ ስለ ልጆች ዕረፍት ባናወራ ይሻላል። ለኔ ማገልገል የሚጀምረው እዚህ ነው። ልጄ ሳህኗን ራሷ ታጥባለች። የምታግዘንን ልጅም በስሟ፣ እህቴ ብላ ትጠራታለች። ትዕዛዝ አታዛትም። ይህን ያላደረገ ቤተሰብ ቅዳሜ ቅዳሜ የትም ቢሄድ አልፈርድለትም።

የትምህርት ሰዓት ይሻማል የሚልም አንድ አንቀጽ አለ። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነው። ካርቱኑ ስንት ሰዓት ነው?

አሁን ወደ መጨረሻው፣ ወደ ንቀቱ። ጉዴን እናገራለሁ ብዬ ነበር።

ልጄ አምስት ዓመት ስትሞላ ልደቷን በአንድ የአረጋውያን መርጃ ማዕከል ለማክበር ወሰንን። ሐሳቡ የኔ ነው፤ ማንም አልገፋፋኝም። ባለ ሦስት ደርብ ኬክ ታዘዘ። የልጄ ፊት ያለበት ቲሸርት አሳተምን። ዘመድ አዝማድ ተሰብስበን በሁለት ሚኒባስ ሄድን። ፎቶ አንሺ ተከራይቻለሁ። ኬኩ ስለዘገየ አንድ ሰዓት ተኩል አርፍደን ደረስን። አረጋውያኑ በወንበር ተደርድረው ይጠብቁን ነበር። ለካ ምሳቸውን ያቆዩት ለኛ ብለው ነው።

ዘፈንን፣ አጨበጨብን። ልጄ ኬክ በሳህን ይዛ ወደ አንዲት እናት ሄደች። ፎቶ አንሺው «ቆይ፣ ቆይ! እማማ፣ እስቲ ቀና ይበሉ» አለ። እሳቸው ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ። ልጄ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ወደ እኔ አየች። እኔ «ስጫቸው፣ ስጫቸው» እላለሁ፤ እንደ ሞኝ። ፎቶ አንሺው ያንንም አነሳው።

ሚኒባሱ ውስጥ «እማዬ፣ ለምን ተደበቁኝ?» አለችኝ።

ጸሐፊው «ሰጪና ተቀባይ» ሲሉ ይህን ማለታቸው ከሆነ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። እሳቸው ግን ከዚህ ተነስተው «ልጆችን ቤት እናስቀምጥ» ይላሉ። ያን ቀን ያጠፋችው ልጅቷ አይደለችም። ማዕከሉም ምንም አላጠፋም። ኬኩም፣ ቲሸርቱም፣ ካሜራውም የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ልጄ እንዲያውም እዚያ ከነበርነው ሁሉ የሴትየዋን ፊት መሸፈን እንደ ትልቅ ነገር የቆጠረች ብቸኛዋ ሰው ናት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን አንድ ሕግ አለ። ልጄ ስሙን የማታውቀው ሰው ጋ «ልናገለግል» ብለን አንሄድም። ስም ለማወቅ ደጋግሞ መሄድ ያስፈልጋል። ደጋግሞ ለመሄድ ደግሞ ቅርብ መሆን አለበት። ስለዚህ ሩቁን ትተን ከኛ በሦስተኛው በር፣ ቀበሌ ቤት የሚኖሩ አንድ እናት ጋ መሄድ ጀመርን። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ልጆቼ ግን ያውቁታል፤ የክርስትና ስማቸውን ሳይቀር።

መጀመሪያ የሄድነው ልንረዳቸው ነበር። ዘይትና ፓስታ ይዘን። ተቀበሉን፣ አመሰገኑን፣ ዝም አልን። ወሬ አልነበረንም። በሦስተኛው ቅዳሜ መርፌ ይዘው ክር ሊያስገቡ ሲታገሉ ደረስን። ልጄ ተቀብላ አስገባችላቸው። አንድ ጊዜ፣ ያለ መነጽር! እማማ ጮክ ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሳምንቱ መርፌ ሁሉ የሷ ነው። አምስት ስድስቱን በተለያየ ቀለም ክር አስገብታ ትራሱ ላይ ትሰካላቸዋለች። የሞባይል ካርድ ፍቃ ቁጥሩንም ታነብላቸዋለች። ትንሹ ደግሞ ምስር ይለቅማል፤ ግማሹን መሬት ላይ እያፈሰሰ። ልጅ ያቦካው ማለት ይሄኔ ነው።

እሳቸውም ዝም ብለው አልተቀበሉንም። ልጄን ስፌት እያስተማሯት ነው። የመጀመሪያዋ ሙዳይ ጠማማ ናት፤ ሳሎን ውስጥ ትልቁን ቦታ ይዛለች። እኔን ስለ ምስር ወጤ ገሥጸውኛል፤ ሽንኩርቱን አላበስለውም አሉ። ልክ ናቸው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰጪው ማን፣ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ጸሐፊው መጥተው ቢለዩልኝ ደስ ይለኛል። ቡናው ይቆያቸዋል።

ያለፈው ቅዳሜ አልሄድንም። ቤቱ ሁሉ ጉንፋን ይዞታል። እሑድ ጧት በሩ ተንኳኳ። እማማ ናቸው፤ በአንድ እጅ ምርኩዝ፣ በሌላው ፌስታል። ፌስታሉ ውስጥ ዳማከሴና ሦስት ሎሚ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ «ልጅቷ ምን ሆና ነው?» አሉና ወደ መኝታ ቤት አለፉ።